ማን ብዬ ልጥራልሽ?

ሥራ የገባሁ ጊዜ «እስረኛ» ነበር የሚባሉት። ጡረታ ስወጣ «የሕግ ታራሚ» ሆነዋል። በመሃሉ የበሩ ሰሌዳ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፤ የእኛም የደንብ ልብስ ተቀይሯል። አጥሩ ግን ያው ቆርቆሮና ሽቦ ነው፣ ከአጥሩ ወዲያ ያሉትም ያው ሰዎች ናቸው። እኔ ከአጥሩ ወዲህ፣ በሩ ላይ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ቆሜያለሁ። ሥራዬ ፈታሽነት ነው። የጠያቂ ሴቶችን ሰውነትና ያመጡትን ስንቅ እፈትሻለሁ፣ ከዚያም የሚጠየቀውን ሰው እጠራለሁ። እድገት አንዴ አግኝቻለሁ፣ አንዴ አልፎኛል፤ ደሞዙም ከወር ወር አያደርስም ነበር። ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልልም።

ከተማውንም አልጠራም። ከሞጆ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ ላይ ካሉት አንዱ ነው። አሁን አዳማ ከልጄ ጋር ነው የምኖረው። የጡረታ ወረቀቴ ባለቀ በሳምንቱ ግን አንድ ዕቃ ይዤ አርሲ ነገሌ ሄጃለሁ። ይህን የምጽፈውም ስለዚያ ዕቃ ብዬ ነው። እዚያ ለመድረስ ከሩቅ መነሳት አለብኝ፤ ታገሱኝ፣ ወሬ ስጀምር ቶሎ አልጨርስም።

ቃል እወዳለሁ። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ አቋርጬ ነው የተቀጠርኩት፤ የቀረውን ከሰው አፍና እጄ ከገባ ወረቀት ሁሉ ለቃቅሜዋለሁ። በበሩ ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ አንድ ደብተር ነበረኝ፤ ስለ ቤቱና ስለ ሰዎቹ የሚነገረውን ቃል ሁሉ እጽፍበታለሁ። «ወህኒ» ጎንደር በኩል ያለ፣ የነገሥታት ልጆች ይታሰሩበት የነበረ ተራራ ስም መሆኑን የነገረኝ የታሪክ አስተማሪ የነበረ እስረኛ ነው። «ከርቸሌ» ከጣሊያን እንደቀረ፣ «ዘብጥያ» ደግሞ በቱርክና በዓረብ አፍ ዞሮ እንደመጣ ያጫወተኝም እሱ ነው። «ወንጀለኛ» የሚለውን ሳጣራ የወሎ እናቶች ግራ አጋቡኝ። ወረፋ ላይ ሆነው «አላህ ወንጀላችንን ይማረን» ይላሉ፤ ለእነሱ ወንጀል ማለት ሁሉም ሰው ያለበት ኃጢአት ነው። ይህንንም ጻፍኩት።

ቢሮአችን ግን ሁለት ቃል ብቻ ነበር የሚያውቀው። ያልተፈረደበት «ቀጠሮ» ነው። «እሱ ቀጠሮ ነው» እንላለን፤ ሰውየው ራሱ ቀጠሮ ሆኖ ይቀመጣል። የተፈረደበት ደግሞ «ፍርደኛ» ነው። ክፉ ቃል ነው ብለን አናስብም። ካርዱ የትኛው ሳጥን እንደሚገባ የሚነግረን ቃል ነው፣ በቃ። ሥራውን ያስተማሩኝ ሰው ግን ይህን ቃል ጠያቂ ፊት አንድ ቀን ከአፋቸው አውጥተውት አያውቁም።

ሃምሳ አለቃ ቱፋ የመቂ ገበሬ ልጅ ነበሩ። በደረት ኪሳቸው ውስጥ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ማንኪያ አለ፤ ወጥ የሚያማስሉት በሱ ነው። ለእያንዳንዱ ስንቅ ማንኪያውን ያጥባሉ። «ብርቄ ኮ» ይሉኛል፣ የኔ ብርቄ ማለታቸው ነው፣ «ይሄን ሴትየዋ ተጨንቃ ነው የሠራችው፤ ሲደርሰው የሰው እጅ የገባበት መምሰል የለበትም።» ዳቦ ሲቆርሱ ከሥሩ ነው፤ ከላይ ሙሉ ሆኖ ይገባለታል። ሳሙና በቀጭን ሽቦ ለሁለት ይሰነጥቁና መልሰው ይገጥሙታል። እንጀራውን አንድ በአንድ ገልጠው በነበረበት እጥፋት ይመልሱታል። ደንቡ ጠያቂዋ ከስንቁ ትቅመስ ይላል፤ እሳቸው ከዳር ነው የሚያስቀምሱት፣ መሃሉን አያስነኩም። ይህን ሁሉ እያደረጉ ደግሞ የሚያመልጣቸው ነገር የለም። ሽሮ ውስጥ የተቀበረ ሃሺሽ፣ ጫማ ሶል ውስጥ የገባ ምላጭ፣ ዳቦ ሆድ ውስጥ የተጋገረ ሲም ካርድ ሲያወጡ አይቻለሁ። እኔም ቀስ በቀስ ጣቴ ማየት ጀመረ፤ የነጠላ ጥለት ስዳብስ ክር ያልሆነውን ለይቼ አውቃለሁ።

ከሁሉ የሚበልጠው ልማዳቸው ግን ጥሪው ነበር። ካርዱን አውጥተው ካዩ በኋላ ይገለብጡትና ጠያቂዋን «ማን ብዬ ልጥራልሽ?» ይሏታል። ከዚያ እስከ ውስጠኛው አጥር በእግራቸው ሄደው እሷ ባለችው ስም ይጠራሉ። «የጫልቱ አባት!» «ጓዴ!» «አያ ሞላ!» አንዲት አሮጊት «ቆንጆዬ ብለው ይጥሩልኝ» አለቻቸው። ልጇ አሥራ ሁለት ዓመት የተፈረደበት፣ ጢሙ ደረቱ የደረሰ ባለ ልኳንዳ ነበር። አጥሩ ላይ ቆመው በዚያ ወፍራም ድምፃቸው «ቆንጆዬ!» ብለው ጮኹ። ግቢው በሳቅ ተናጋ። ሰውየው እየሮጠ ወጣ፤ እሱ አልሳቀም።

«ታራሚ በሏቸው» የሚል ደብዳቤ የመጣ ቀን አንብቤላቸው ነበር። «ማረም ነው የሚሉት?» አሉ። «እኔ ማረም አውቃለሁ። እስቲ ንገሪኝ ብርቄ ኮ፣ ሰውየው በቆሎው ነው ወይስ አረሙ?»

ሰዓዳ የመጣችው በእሳቸው የመጨረሻ ዓመታት ነው። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። ሞጆ አንድ ምግብ ቤት ስትሠራ ከወጥ ቤት ባልደረባዋ ጋር ተጣልታ የፈላ ዘይት ደፋችባት። የልጅቱ አንድ ዓይን ጠፋ። ሰባት ዓመት ተፈረደባት። አልካደችም፤ «እጄ ነው ያደረገው፤ ሰይጣን ምናምን አልልም» ብላኛለች። የምትጠይቃት ታላቅ እህቷ ዘይነብ ብቻ ነበረች። ለአባታቸው፣ ለአርሲ ነገሌው እህል ነጋዴ ለአባባ እንድሪስ፣ «ሰዓዳ ዓረብ አገር ሄዳለች» ተብሎ ነበር የተነገራቸው።

ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። እኔ በዘመኔ «ዱባይ ያሉ»፣ «ቤሩት ያሉ» የስንት ሴቶችን ስንቅ ፈትሻለሁ። ሴት ልጅ ታሰረች ከሚባል ባሕር ተሻገረች ቢባል ለቤተሰብ ይቀላል። ዘይነብ በመጣች ቁጥር የአባቷን ጥያቄ ይዛ ትመጣለች።

«አባባ ሙቀቱ እንዴት አደረጋት ይላል» ትላታለች በአጥሩ።

«ቤት ውስጥ ማቀዝቀዣ አለ በይው» ትላለች ሰዓዳ፤ የቆርቆሮው ግለት ላቧን እያንጠፈጠፈው።

«እመቤቷ ደግ ናት ወይ ይላል።»

ሰዓዳ ዞር ብላ እኔን ታየኛለች። «ደግ ናት፣ ግን ስንቄን ትበረብራለች በይው።» ሦስታችንም እንስቃለን።

ሻንጣም ነበር። ስትፈታ ከዓረብ አገር እንደተመለሰች ሆና መግባት አለባታ! ዘይነብ አዳማ ከአንዲት ጓደኛዋ ቤት አንድ ትልቅ ሻንጣ አስቀምጣ በየጊዜው አንድ አንድ ነገር ትጨምርበታለች፤ ዓባያ፣ ሽቶ፣ ለጎረቤት ልጆች ከረሜላ። ሰዓዳም ውስጥ ሆና ዳንቴል ትሠራለች፤ የሚገዛው ነገር ይመረጥና ይከራከሩበታል። በአመክሮ የሚቀነሰው ተቀንሶ የምትወጣበትን ወር ሁላችንም በቃላችን ነበር የምናውቀው። ሃምሳ አለቃ ቱፋ ሲጠሯት «የዘይነብ እህት!» ነበር የሚሉት። የአባቷን ስም አንድ ቀን አላነሱም።

እሳቸው ጡረታ ወጡና አዲስ ኃላፊ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም። አንድ ቅዳሜ ሁለት ከድር መሐመዶች ተምታተው የአንዱ ሚስት የሌላውን ሰው አጥር ላይ አግኝታ ለቅሶና ጩኸት ሆነ። በሳምንቱ ማይክና ድምፅ ማጉያ አስገጠመ። «ከእንግዲህ መጀመሪያ ምድብ፣ ቀጠሮ ወይም ፍርደኛ፤ ከዚያ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። አጥር ድረስ መመላለስ ቀረ» አለን።

እውነቱን ልናገር። ማይኩን ወደድኩት። ጉልበቴ ያመኝ ጀምሮ ነበር፣ እሱ አንድ ነገር ነው፤ ዋናው ግን ድምፄ ነው። ጥርት ብሎ ግቢውን ሞልቶ ሲመለስ እሰማዋለሁ። ባልደረቦቼ «ብርቄ፣ አንቺ እኮ ራዲዮ ጣቢያ ነበር ቦታሽ» ሲሉኝ ደስ ይለኛል። ቤቴ ገብቼ ሽንኩርት እየከተፍኩ እንኳ ስም በዜማ እጠራ ነበር። «ማን ብዬ ልጥራልሽ?» ማለት ከአፌ የጠፋው ያኔ ነው፤ መጥፋቱንም አላወቅሁም።

የሰዓዳን ነገር ግን እጠነቀቅ ነበር። ዘይነብ መስኮቱ ጋ ትመጣና «እንደ ወትሮው፣ እትዬ ብርቄ» ትለኛለች። ማይኩን አጥፍቼ በእግሬ ሄጄ እጠራታለሁ። ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ አደረግን።

የአረፋ ዋዜማ ነበር። ሰዉ ከአስፋልቱ ማዶ ድረስ ተሰልፏል፤ ዶሮው፣ ፌስታሉ፣ የሚያለቅሰው ሕፃን። ኃላፊው ከኋላዬ ቆሟል፣ «ፍጠኑ፣ ፍጠኑ» ይላል። ዘይነብ ስንቁን አስፈትሻ ወረቀቷን በመስኮቱ ሰጠችኝ። «እንደ ወትሮው» አለችኝ። ሰምቻታለሁ። «እሺ» ብያታለሁ። ወረቀቷ ከሌሎቹ መሃል ገባ፣ እኔም ማይኩ ላይ ድምፄ ሞቆ ስም እያከታተልኩ ነበር፤ ካርዱን አነሳሁ፣ አነበብኩ።

«ፍርደኛ ሰዓዳ እንድሪስ ይመር!»

ከአፌ ሲወጣ አወቅሁት። ቃሉ ግን ግቢውን ዞሮ ከቆርቆሮው ተመልሶ እኔው ጆሮ ላይ ደረሰ።

በወንዶቹ አጥር በኩል፣ የወንድማቸውን ልጅ ሊጠይቁ የመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ልጁ በወሰን ጠብ የገባ ቀጠሮ ነው። ወንዶችን የሚፈትሸው ሌላ ሰው ስለሆነ ሽማግሌውን እኔ አላየኋቸውም፤ ዘይነብም በሴቶቹ ወረፋ ስለነበረች አላየቻቸውም። ከሌሎች የነገሌ ሰዎች ጋር ነበር የመጡት። የሰዓዳ ስም ሲጠራ ከአግዳሚው ሲነሱ ያን ጊዜ ነው ያየኋቸው፣ ማን እንደሆኑም ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ።

ሰዓዳ እየሮጠች ወጣች። ለበዓሉ እጇን ሂና ተቀብታለች። የእህቷን ፊት ስትፈልግ የአባቷን አገኘች። ሁለት እጇን ቶሎ ወደ ኋላዋ ደበቀች፤ ለምን እጇን እንደሆነ እስከዛሬ አስባለሁ። እሳቸው ጥቂት አዩዋት። የያዙትን ፌስታል ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡ፣ ዞሩ፣ ሄዱ። የወንድማቸውንም ልጅ ሳይጠይቁ ሄዱ።

ዘይነብ መስኮቴ ላይ ቆማ ቀረች። አልሰደበችኝም። «እሺ ብለሽኝ ነበር» አለችኝ ብቻ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሳ መጣች፤ ጥቁር ለብሳለች። ጠረጴዛዬ ላይ ትልቅ ድፎ ዳቦ አስቀመጠች።

«ምነው? ማን ሞተባችሁ?» አልኳት።

«ሰዓዳ።»

አባትየው ቤታቸው እንደገቡ ዓረብ አገር ያለችው ልጄ ሞተች ብለው ለቅሶ ተቀመጡ። በሌለችበት ሰላት ተሰገደባት። ጎረቤት ሦስት ቀን ሲመጣ ሲሄድ ዘይነብ ቤት ውስጥ ተቀምጣ የእህቷን ለቅሶ ተቀበለች፤ እህቷ በሕይወት እንዳለች እያወቀች «አላህ ያጽናሽ» ሲሏት «አሚን» አለች። ዳቦው የሰደቃው ነበር።

ደንቡ ይቅመስ ይላል። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። «ቅመሽ» አልኳት። ከዳር ቆርሳ ጎረሰች። ከዚያ ሌላ ቆርሳ ወደ እኔ ዘረጋች።

«አንቺም ቅመሽ እትዬ ብርቄ። ሥጋ የለበትም፣ ትበይዋለሽ። የቤት ሰው አይደለሽ?»

በላሁ። ዳቦውን ከሥሩ ቆርሼ ፈተሽኩት፣ ከላይ ሙሉ አድርጌ አስገባሁት። ያን ቀን ሰዓዳን በእግሬ ሄጄ ጠራኋት። ምን ብዬ እንደምጠራት ጠፍቶኝ አጥሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ አንዲት እስረኛ አይታኝ ነው የጠራችልኝ።

የዚያን ሰሞን መቂ ሄድኩ። ሃምሳ አለቃ ቱፋ የሽንኩርት ማሳቸው ውስጥ ቁጢጥ ብለው ያርማሉ። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ማን ብዬ ልጥራልሽ ብለሽ ጠይቀሽ ነበር?» አሉኝ ስጨርስ።

«መጠየቅ አያስፈልገኝም ነበር ጋሼ። አውቀው ነበር።»

«የሚጠየቀው ለማወቅ መሰለሽ?» አሉ። «አፍ እንዲቆም ነው።» እኔም ጎንበስ ብዬ እስኪመሽ አብሬያቸው አረምኩ።

ሰዓዳ ከዚያ በኋላ አሥር ወር ቆየች። ዳንቴሉን ተወች። በምትፈታበት ቀን ዘይነብ ሻንጣውን በባጃጅ ጭና በር ላይ አመጣችው። ሰዓዳ ሻንጣውን አንስታ ጠረጴዛዬ ላይ ጫነችው።

«ፈትሺኝ» አለችኝ።

«ለሚወጣ ሰው ከውጭ የመጣ ሻንጣ አይፈተሽም፣ እናቴ።»

«ከዓረብ አገር ስመለስ ጉምሩክ ይፈትሸኝ የለም እንዴ? ፈትሺ!»

ባልደረቦቼ ዞር አሉ። ከፈትኩት። ሁሉም እንደታጠፈ ነው፤ ዓባያው፣ ሽቶው ከነካርቶኑ፣ የደረቀ ከረሜላ። ለአባቷ የተያዘው ሽርጥና ሙስበሃ ከላይ ነበር። ሙስበሃው፣ የጸሎት መቁጠሪያው፣ ጥቁር ነው፤ አዳማ ገበያ ሲገዛ ዘይነብ ሁለት ቀለም አምጥታ አጥሩ ላይ ሲመርጡ ነበርኩ። ሰዓዳ እሱን ብቻ አነሳችና መዳፌ ውስጥ አስገባችው።

«አንቺ አድርሺልኝ። እኔ የሞተ ሰው ነኝ፤ በምን እግሬ እገባለሁ?»

«ወዴት ልትሄጂ ነው?»

«ወደተባልኩበት» አለች። ፓስፖርት ልታወጣ መሆኑን ዘይነብ ነገረችኝ። ከዚያ በኋላ የዘይነብም ስልክ አልሠራልኝም።

ሙስበሃውን ሁለት ዓመት መሳቢያዬ ውስጥ፣ ደብተሬ ላይ አስቀመጥኩት። ፈረቃ አለብኝ፣ ጉልበቴ ታመመ፣ ክረምት ነው እያልኩ። ፈርቼ ነው። ጡረታ ስወጣ ሰበቡ አለቀብኝ።

አርሲ ነገሌ ስደርስ ከሰዓት ነበር። አባባ እንድሪስ ሱቃቸው በር ላይ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠዋል። «እንደምን ዋላችሁ» አልኩ፤ ያልኩት ይህን ብቻ ነው። ፊቴን አያውቁትም፣ ያን ቀን መስኮት ውስጥ ነበርኩ። ድምፄን ግን አወቁት። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ማን ናት?» አለ አንደኛው ሽማግሌ።

አባባ እንድሪስ ከእኔ ቀደሙ። «የሰዓዳ ወዳጅ ናት። ዓረብ አገር አብረው ነበሩ።»

ሽማግሌዎቹ ከንፈራቸውን መጠጡ፣ በርጩማ ሰጡኝ። «አላህ ያጽናሽ ልጄ። አንቺ ነበርሽ አጠገቧ? እንዴት ነበር አሟሟቷ፣ ተሰቃየች?»

ወሬ አጥቼ አላውቅም። ስለ ማንም ቢሆን አንድ ነገር አላጣም። አባባ እንድሪስ መሬት መሬት ያያሉ። «ታማ ነው» አልኩ። «ብዙም አልቆየች። ይህን ለአባቴ ብላ ሰጥታኛለች።»

ሙስበሃውን ተቀበሉኝ። ሁለት ሦስት ፍሬ በአውራ ጣታቸው ገፉ። «ከመሞቷ በፊት የላከችው ነው» አሉ ለሽማግሌዎቹ። አንደኛው ወስዶ አሸተተው። «የመዲና ሽታ አለው» አለ።

እስከ አስፋልቱ ሸኙኝ።

«ወንጀል ሁላችንም አለብን» አሉ አስፋልቱ ዳር ስንደርስ። «የሷን አላህ ይምራታል፣ እሱ አልከበደኝም። አባቴ ይመር ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያስታርቅ የኖረ ነው። ፍርደኛ ብለሽ ጀምረሽ በሱ ስም ጨረስሽው። የነገሌ ሰው ሁሉ ሰማ። ሞታለች ባልል ያቺ የተጠራችው ልጁ ናት ይሉ ነበር።»

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

የአዳማው ሚኒባስ መጥቶ ቆመ። ልገባ እግሬን ሳነሳ ክንዴን ያዙኝና ወደ ጆሮዬ ዝቅ አሉ።

«ደህና ናት?»

«ደህና ናት» አልኳቸው።

የት እንዳለች አላውቅም።